የመንግሥት አረም

አረም ነቅሎ የማያውቅ ሰው አይቻለሁ። አረም ተክሎ፣ ሥሩን በእጁ ጠቅጥቆ፣ በጣሳ ውሃ ያጠጣ ሰው ግን ከራሴ ሌላ አላየሁም። ይህን ያደረግሁት አብጄ አይደለም። ደመወዝ የሚከፈለኝ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ፤ ጥፋቴ ሥራዬን በደንብ ልሥራ ማለቴ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ከተማ፣ ከአባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ ነው። በቆሎን የማውቀው መንገድ ዳር ሲጠበስ ነበር። አስረኛ ክፍልን ስጨርስ ውጤቴ ወደ ግብርና ኮሌጅ ወሰደኝ፤ እዚያ ተምሬ ስወጣ፣ ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከዲላ አጠገብ፣ ከጪጩ ከፍ ብላ ባለች ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩ። አባቴ ሲሰማ «እንግዲህ ገበሬውን እግዜር ይጠብቀው» አለ። ቀልዱ አናደደኝ። በትንሽ በትልቁ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ስናደድ ደግሞ ሁልጊዜ ትክክል የሆንኩ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ዓመቴ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ፣ በጀርባ የሚታዘል አንድ መርጫና አንድ ጀሪካን የአረም ማጥፊያ መጣልኝ። መድኃኒቱን ሁሉም ሰው ቱፎርዲ ይለዋል። ደብዳቤው ሠርቶ ማሳያ እንዳዘጋጅ ያዛል። መንገድ ዳር የሚታይ የበቆሎ ማሳ ይመረጥ፤ ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ በኬሚካል ይረጭ፤ ሌላው ግማሽ ለማነጻጸሪያ ሳይታረም ይቆይ፤ እንግዶች እስከሚመጡበት የመስክ ቀን ድረስ የሰው እጅ እንዳይነካው። በሁለቱም ላይ የባለማሳው ስም የተጻፈበት ታፔላ ይተከል።

ደብዳቤውን የጻፈው ሰው የጌዴኦ ዞንን በካርታ እንጂ በዓይኑ አላየም። እኛ ዘንድ በቆሎ ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ከእንሰቱ ሥር ቡና አለ፣ ከቡናው ሥር ጎመን፣ በመካከል ቦሎቄ፣ በሁሉም ላይ ዱባ ይሳባል። አረም የተባለውም ቢሆን ተነቅሎ አይጣልም፤ እንሰት ሥር ተነጥፎ ይበሰብስና መሬቱን ያበላል። በቆሎ ብቻ የተዘራበት ማሳ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ዞርኩ። ገበሬዎቹ ሲያዩኝ የጠፋ በሬ የምፈልግ መስሏቸው አዘኑልኝ።

በመጨረሻ አስፋልቱ ዳር የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ያረጁ እንሰቶቻቸውን ነቅለው ቦታውን፣ ጎመንና ቦሎቄ ጣል ጣል ቢያደርጉበትም፣ በበቆሎ ሸፍነውት አገኘሁ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው ሞተው የቀራቸው ይህ መሬትና አንዲት ሴት ልጅ ናት። ልጅቷን አንድ የፍስሐ ገነት ከተማ ወጣት ወዷት፣ ወገኖቹ ሽማግሌ ሊልኩ ቃል ገብተው ነበር። እማማ በዚያ ሰሞን ስለ ሌላ ነገር አያወሩም። ማሳቸውን ስጠይቃቸው እንኳ ቃሌን ሳልጨርስ «ቤቴ ገብተህ ቆጮ በልተሃል፤ እንዴት እምቢ ይባላል?» አሉና ወዲያው ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ስንት ሆነው ይመጡ ይሆን? መንገዱን ያውቁት ይሆን?

ርጭቱ ከመጀመሩ በፊት ማሳው ውስጥ ያለውን የአረም ዓይነት መዝግብ ተብያለሁ። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ከእማማ ጋር ገባን።

«ይሄ አረም ነው?» አልኩ የውሃ አንቁሩን እያሳየሁ።

«እሷ የጥጃ ናት።»

«ይሄስ?»

«አሉማ? አሉማ ይበላል እኮ። እናትህ አልሠራችልህም?»

ጭጎጊቱን አሳየኋቸው። ንብ ይወዳታል አሉ። መጩን አሳየኋቸው። ትንሽ አሰቡ። «እሱ እንሰት ትወደዋለች፣ ሲበሰብስ።» ሙጃው የላም ሆነ። ሌላም አንድ ቅጠል የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ደብተሬ ላይ «የአረም ዓይነት» ከሚለው ቀጥሎ አንድም ነገር አልሰፈረም። እማማ ላቤን አዩና ራሩልኝ። ወደ አጥሩ ወስደው ከሥሩ የበቀለ ሳማ አሳዩኝና «ይቺን ጻፍ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም ሳማ ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። «ይቺ መድኃኒት በቆሎን ታውቃለች?»

በኮሌጅ የተማርኩትን አስረዳኋቸው። መድኃኒቱ ቀጭን ቅጠል ያለውን ይተዋል፤ ሰፊ ቅጠል ያለውን ያጠፋል።

«ጎመኔስ?»

«ጎመን ሰፊ ቅጠል ነው፣ እማማ።»

«ቦሎቄስ?»

«እሱም።»

«ቡናስ?»

ደብተሬን ገለጥኩ።

«እንግዲያ ይቺ መድኃኒት እኔን ነው የምታርመው» አሉ።

የሚያሳስባቸውን ሁሉ ቀድመው እንዲነቅሉ ነገርኳቸው። በርጭቱ ቀን ጠዋት ስደርስ ማሳው ውስጥ ሕዝብ የተሰበሰበ መሰለኝ። እማማ ለመንቀል አልጨክን ብለው ጎመኑንና ቦሎቄውን አንድ በአንድ አልብሰውታል። አንዱ የእንሰት ቅጠል ተከናንቧል፣ አንዱ ጣሳ ደፍቷል፣ አንዱ እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ተደብቋል። እንደ አጋጣሚ ከበቆሎው መካከል የበቀለ አንድ የቡና ችግኝ ደግሞ የሟች ባለቤታቸውን ባርኔጣ አድርጓል። እኔም ቢጫ ካፖርት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና ቦት ጫማ አድርጌ በዚያ ሁሉ ባርኔጣ መካከል እየተሽሎከሎክሁ ረጨሁ። አስፋልቱ ላይ አንድ አይሱዙ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሲያየን ቆየና ምንም ሳይጠይቅ ተሳፍሮ ሄደ። እኔም ብሆን ምን ብዬ እመልስለት ነበር?

ይህ ሁሉ እንግዲህ ቀላሉ ክፍል ነው። መከራው የመጣው ካልተረጨው ግማሽ ነው።

የበልግ ዝናብ አልጎደለበትም፤ አረሙ በሦስት ሳምንት ጉልበት ደረሰ። እኔ ከተሜው ያላወቅሁት አንድ ነገር ነበር። በዚያ አገር ማሳ ማለት የቤቱ ፊት ነው። መንገድ ዳር ያለ ማሳ ካልታረመ ከሁለት አንድ ነው፦ ወይ ቤቱ ውስጥ ሰው በጠና ታሟል፣ ወይ ሰው ሞቶ ሐዘን ላይ ናቸው። ሰነፍ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ እንዲያ ያለ ስንፍና ሊኖር ይችላል ብሎ የሚያስብ ስለሌለ።

መጀመሪያ ጎረቤቶች አጥሚት ይዘው መጡ። እማማ ደህና መሆናቸውን ተናገሩ፤ ጎረቤቶቹ ግን ሕመምተኛ ሁሉ እንዲህ እንደሚል ያውቃሉ፤ አጥሚቱን አስጠጥተዋቸው ሄዱ። ቀጥሎ ከጸሎት ቤታቸው መዘምራን መጡ። እማማ በሽታ የለብኝም ቢሉም አስቀምጠዋቸው እጃቸውን ጭነው ጸለዩላቸው። እኔ በዚያ ሰዓት ለቁጥጥር ደርሼ ነበርና ቆሜ አሜን አልኩ። ለመጣው ሁሉ «አረሙ የእሳቸው አይደለም፣ የመንግሥት ነው» እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ነገሩ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰውዬ ላሙ ወደ ማሳው አንገቷን ስትሰግግ ቢያይ በድንጋጤ ጎትቶ መለሳት፤ የመንግሥት ንብረት ተበላ እንዳይባል።

ከፍስሐ ገነት የሚመጡት ሽማግሌዎች ግን የመንግሥትን አረም ከሌላው አረም በምን ይለያሉ?

ሦስት ሆነው በአንድ ማለዳ መጡ። ከመኪና ወርደው ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ጀምረው ነበር። እማማ በመስኮት አይተዋቸዋል፤ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ ማሳው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አዩ። ተያዩ። ከዚያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ቤቱ አቅጣጫ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉና ተመልሰው አስፋልቱ ላይ መኪና ጠበቁ። ማታውን በሰው መልእክት ላኩ፤ ሐዘን ላይ ያለ ቤት ገብቶ ጋብቻ ማውራት ነውር ነው፣ ሐዘናችሁ ሲወጣ እንመጣለን የሚል።

በማግሥቱ እማማ የምሠራበት ጣቢያ ድረስ መጡ። ቆመው ነው ያናገሩኝ።

«ልጄ፣ አረሙን ልንቀለው።»

«አይቻልም፣ እማማ። የመስክ ቀኑ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።»

«ሴት ልጄ ሳታገባ ትቀርብኛለች። ስሜ እኮ ነው እዚያ የተጻፈው።»

ታፔላው ላይ ስማቸው በቀይ ቀለም ጎላ ብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ያን ቀን አቤት ያልኩት ደንብ፣ አቤት ያልኩት ሳይንስ! ማነጻጸሪያ ከሌለ ውጤት የለም አልኳቸው። ሪፖርቱ ጥሩ ከሆነ ዲላ ልዛወር እንደምችል ግን አልነገርኳቸውም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እኔ ዘንድ ዳዋው ተከብሮ ቆሞ የተመቱት እማማ ናቸው።

እሳቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ጎረቤቶቻቸው ግን የኔን ደብዳቤ የማክበር ግዴታ አልነበረባቸውም።

ከመስክ ቀኑ በፊት ባለው ቀን፣ ወደ ቀትር ላይ፣ ታፔላዎቹን ልወለውል ጨርቅ ይዤ ስደርስ ማነጻጸሪያው የለም። በደቦ መጥተው፣ ጠዋት ብቻ ሠርተው፣ አንዲት አረም ሳያስቀሩ አጽድተውታል። የተነቀለውንም ተሸክመው ጓሮ ካሉት እንሰቶች ሥር ነጥፈውታል። በቆሎው ራቁቱን ቆሞ ያበራል። እንደዚያ ያማረ ማሳ በሕይወቴ አላየሁም፤ እንደዚያም ደንግጬ አላውቅም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔ የጨነቀኝ ጊዜ ወደ ጓሮ ሮጬ ከእንሰቱ ሥር አረም እየለቀምኩ መመለስ ጀመርኩ። ሥሩ ያልተቆረጠውን እየመረጥኩ በጣቴ ጉድጓድ እየቆፈርኩ ስተክል እማማ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ አሞሃል?»

«ነገ እንግዶች ይመጣሉ፣ እማማ። አረም ካላዩ እኔ አለቀልኝ።»

በእጄ የያዝኩትን መጭ አዩ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ሽማግሌዎቹ ከተመለሱ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ስቀው ሲያበቁ ቁጢጥ አሉ።

«እንዲህ አይተከልም። መጭ ጥልቅ ትፈልጋለች። የውሃ አንቁሩን ወደዚያ፣ ጥላ ጋ አድርገው። ውሃ አምጣ።»

«እማማ፣ እርስዎ ይሄን ባያደርጉ ይሻላል…»

«እንጀራህ ከሆነ ምን ይደረግ?» አሉኝ።

ከእኔ አሥር እጥፍ ይፈጥናሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነቅሉት የኖሩትን ነገር መልሰው ሲተክሉ፣ እያንዳንዱ አረም ምን እንደሚወድ ያውቃሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ነው እንዳልል ጭስ አልነበረም። ሲመሽ ማነጻጸሪያው ተመልሶ ቆመ።

በማግሥቱ፣ በዚያ ዝናባማ ወር፣ እንደ ምቀኛ ፀሐይ ወጣ። እንግዶቹ በሦስት መኪና ከቀትር በኋላ ሲደርሱ የተከልነው አረም ሁሉ ጠውልጎ፣ ጠቁሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጎረቤቶቹ መድኃኒቱን ፈርተው ያልነኩት የተረጨው ማሳ ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። ቱፎርዲው እንደተባለው ሰፊ ቅጠል ያለውን አጥፍቷል። ሙጃ ግን ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ መድኃኒቱ የበቆሎ ዘመድ ነው ብሎ ትቶታል። ሙጃውም ጎረቤቶቹ ሲሞቱለት ቦታውን ወርሶ ወገብ ደርሷል።

አለቃዬ ከሁሉ ቀድሞ ከመኪናው ወረደ። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አየ። ከዚያ ክንዴን ያዘና «ታፔላዎቹ ተቀያይረዋል» አለኝ በሹክሹክታ።

«አልተቀያየሩም።»

«ተቀያይረዋል አልኩህ።»

እንግዶቹ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው መረገጫ ሲመርጡ እኔ ሁለቱን ታፔላዎች ነቅዬ አቀያየርኩ። ስለዚህ «በኬሚካል የታረመ» የሚለው እኔና እማማ የተከልነው የጠወለገ አረም ፊት ቆመ። «ያልታረመ» የሚለው፣ ከሥሩ የእማማ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት፣ ወገብ የሚደርሰው ሙጃ ፊት ቆመ። ዋናው እንግዳ የጠወለገውን መጭ በእጁ ይዞ ፎቶ ተነሣ። «ሥሩ ድረስ ነው የገደለው!» አለ ተደንቆ። ቢስበው በሁለት ጣት ይወጣለት ነበር፤ ደግነቱ አልሳበውም።

እማማ የምስክር ወረቀትና ገና ከካርቶኑ ያልወጣ መርጫ ተሸለሙ። ምን እንደተማሩ ለሕዝቡ እንዲናገሩም ተጠየቁ። ተነሡና እንዲህ አሉ፦

«መድኃኒቱ ጥሩ ናት። አረሙም ጥሩ ነው። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቤቴ ውስጥ በሽታ የለም፣ ሐዘንም የለም ብላችሁ ማኅተም ያለው ወረቀት ስጡኝ።»

ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ። ዋናው እንግዳ አርሶ አደሯ ስለ ጤና ያላቸው ግንዛቤ አስደስቶኛል ብሎ ንግግሩን ዘጋ። እማማ ተቀመጡ። ወደ እኔ አንዴ አዩ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አለቃዬ ሌላ ጎብኝ ሊመጣ ስለሚችል ማሳውም ታፔላውም ባለበት ይቆይ ብሎ አዘዘ። ሙጃው አደገ። በዚያ ሰሞን የሚያልፈው የሚያገድመው ሁሉ «ያልታረመ» ብሎ ስማቸውን ያነባል። እኔ በቀበሌው ማኅተም አንድ ደብዳቤ ጽፌ በሰው እጅ ወደ ፍስሐ ገነት ላክሁ። «በተጠቀሰው ቤት በሽታም ሆነ ሐዘን አለመኖሩን፣ የታየው አረም የመንግሥት መሆኑን እናረጋግጣለን» ይላል። መልስ አልመጣም። አንድ ቀን እማማ ቤት ጎራ ስል ልጅቷ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ሰላም ስላት ሰላምታዬን መልሳ ወደ ውስጥ ገባች። እማማም ሲወጡ እንደ ወትሮው ቆጮ ብላ አላሉኝም። ያ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ አስፋልቱ በሰው ሲሞላ ጠብቄ፣ ያለ ካፖርት፣ ያለ መርጫ መጣሁ። መጀመሪያ ታፔላውን ነቀልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ሙጃውን በእጄ መንቀል ጀመርኩ። ሙጃ እጅ ይቆርጣል፤ ኮሌጅ ውስጥ ይህን የነገረኝ የለም። ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ቆመው ይስቃሉ። እማማ ከቤት ወጡ። የማደርገውን አዩ። ተመልሰው ገብተው በርጩማ አመጡና መንገዱ ዳር ተቀምጠው ለሚያልፈው ሁሉ ይጮኹ ጀመር።

«የአረሙ ባለቤት መጥቷል! ኑ እዩ! አረሙን እየወሰደ ነው!»

ተናደድኩ ብል ውሸት ነው። ትክክል አለመሆኔን ሳውቅ ንዴት አይመጣልኝም። ቀኑን ሙሉ ነቀልኩ። ከመካከል ስደርስ ሙጃው ውስጥ ያ ባርኔጣ ተገኘ፤ ከሥሩ የቡናው ችግኝ ገርጥቶ፣ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ግን በሕይወት ነበር። እማማ መጥተው ባርኔጣውን አነሡ፤ አፈሩን አራገፉና ፀሐዩ እንዳይመታኝ ራሴ ላይ ደፉልኝ። አቃጥሎኝ የነበረው ግን ፀሐዩ አልነበረም።

በሳምንቱ ከአለቃዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የሠርቶ ማሳያ አረም ያለ ፈቃድ በማውደም የሚል። እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ዲላ መዛወሩም ቀረ። እማማ የተሸለሙትን መርጫ ኬሚካል ሳያስነኩ የጎመን መደብ ውሃ ያጠጡበት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወር ሳይሞላ መጡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሠርጉ ሆነ። እኔም ተጠራሁ። እማማ ለእንግዳው ሁሉ «የአረሙ ባለቤት ነው» እያሉ ነው ያስተዋወቁኝ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ትልቁ ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ወረቀትህ ደርሶን ነበር» አሉኝ። «አንብበን ሳቅን። በሽታ የሌለበት ቤት ምን ብሎ ወረቀት ይጽፋል? ኋላ ግን በአንድ የገበያ ቀን ወደ ዲላ ስናልፍ፣ ከመኪናው ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያርም አየን። የሚያርም ሰው ካለው ቤቱ ደህና ነው ተባባልን።»

«እኔ ነበርኩ» አልኳቸው።

«አንተ ነህ? ታዲያ ያን ጊዜ ሁሉ የት ነበርክ?»

ሳህኔን አስቀመጥኩ።

«እዚያው ነበርኩ፣ አባባ» አልኳቸው። «አረሙን እየጠበቅሁ።»